መስመሩ አልጠበበም፣ ወረፋው ነው የረዘመው

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ጎንደር ላሉት አክስቴ መደወል የቤታችን ልማድ ነው። ወጡ በስሎ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሁላችንም ሳሎን እንሰበሰብና ስልኩን ከጠርሙስ ጋር አስደግፈን እንጠራቸዋለን። አክስቴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጆሯቸውም ደክሟል፤ ሲናገሩም ረጋ ብለው ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ይህ ደስታችን ወደ ብስጭት ተለወጠ። አክስቴ "እንደምን ከረማችሁ" ሊሉ ይጀምራሉ፤ "እንደም..." ላይ ይቆማል። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሥዕል ደርቆ ይቀራል። እኛ "አይሰማም! አይሰማም!" እያልን ስንጮህ ድምፃቸው ዘግይቶ ተደራርቦ ይመጣል። አንድ ዓርብ ስለ ሕመማቸው ሲነግሩን የሰማነው "ሐኪሙ... የለም... አለኝ" የሚለውን ብቻ ነበር። መድኃኒት የለም ነው? ተስፋ የለም ነው? ማን ይወቅ? ከዚያም ጥሪው ተቋረጠ፤ ሰንበትም ገባ። ባለቤቴ ሰንበቱን ሙሉ ስትጨነቅ ዋለች። እሑድ ጠዋት ደውለን ስንጠይቃቸው "ሐኪሙ የሚያሳስብ ነገር የለም አለኝ እኮ" ብለው ሳቁብን።

እኔም ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልተመራመርኩም። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተር ላይ ይጫወታል። "ኢንተርኔቱን የምትበላው አንተ ነህ!" ብዬ ተቆጣሁት። ዓርብ ዓርብ ኮምፒውተሩን አስዘጋሁት። ጥሪው ግን መቆራረጡን አልተወም። ቀጥዬ ወደ ኢንተርኔት ኩባንያችን ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛ መስመራችሁ ጠባብ ነውና ከፍ ያለውን ውሰዱ አለችኝ። ከ100 ሜጋ ወደ 200 ሜጋ አሳደግን፤ በየወሩ የሚቆረጠውም ገንዘብ አብሮ አደገ። የአክስቴ ድምፅ ግን ያው ነው።

ነገሩን የፈታው ያው የተቆጣሁት ልጅ ነው።

ጥፋተኛው ሲገኝ

"አባዬ፣ አንድ ነገር እንለካ" አለኝ። ከኮምፒውተሩ አንዲት ትንሽ መልእክት ወደ ውጭ ይልክና ደርሳ እስክትመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ይህን "ፒንግ" ይሉታል። የሚለካውም በሚሊ ሴኮንድ ነው፤ 1,000 ሚሊ ሴኮንድ አንድ ሴኮንድ ይሆናል። ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ መልሱ በ15 ሚሊ ሴኮንድ ተመለሰ። በጣም ጥሩ ነው።

ከዚያ "ስልክህን አምጣ" አለኝ። ስልኬ ላይ ከዘመድ ሠርግ የቀረጽኳቸው ረጃጅም ቪዲዮዎች ነበሩ። ስልኩ ደግሞ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ፣ እኔ ሳላዘው፣ ፎቶውንና ቪዲዮውን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይጭናል። ልጄ መጫኑን ጀመረና ፒንጉን እንደገና ለካ። 1,500 ሚሊ ሴኮንድ! አንዲት ቃል ከቤታችን ለመውጣት ብቻ አንድ ሴኮንድ ተኩል ትጠብቃለች ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ድርጅት ምክር መሠረት ግን፣ ሰዎች ሳይቸገሩ እንዲነጋገሩ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል።

ለካ ኢንተርኔቱን የሚበላው እኔ ነኝ! ዓርብ ዓርብ ሁላችንም በጊዜ ቤት ስለምንገባ የቤቱ ስልኮች ሁሉ የሳምንቱን ፎቶ የሚጭኑት በዚያው ሰዓት ኖሯል። ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ያሳደግነው 200 ሜጋ ወደ ቤት የሚገባውን ነው። ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር በፊትም 5 ሜጋ ነበር፤ ከከፈልን በኋላም 5 ሜጋ ነው። ቪዲዮው የሚጫነውም፣ የእኛ ድምፅ ወደ ጎንደር የሚሄደውም በዚያች 5 ሜጋ ነው። የአክስቴ ድምፅ የሚመጣው በሰፊው መንገድ ቢሆንም፣ በስልካችንና በወዲያኛው ወገን መካከል የሚመላለሱት የ"ደረሰኝ፣ ቀጥል" መልእክቶች በጠባቡ በር ሲታፈኑ ጥሪው በሁለቱም በኩል ይታመማል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ከአንድ ሜጋ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 5 ሜጋ ካለን ለምን አይበቃም?

ሳጥኗ ኮምፒውተር ናት

መልሱን ለማግኘት ግድግዳ ላይ የምትብለጨለጨውን ሳጥን ማወቅ ያስፈልጋል። ራውተር የምንላት ይህች ሳጥን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አይደለችም፤ ኮምፒውተር ናት። አንጎል አላት፣ ማስታወሻ አላት፣ የምትሠራበት ፕሮግራምም አላት። በአብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሊነክስ ይባላል። ሊነክስን በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም አንብቦ ሊያሻሽለው ይችላል። ዛሬ ሊነክስ በብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ አለ፤ የአንድሮይድ ስልኮችም መሠረታቸው እርሱ ነው። እንዲህ በዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራ ኮምፒውተር አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ በርካሽ የተዘጋጀ ስለሆነ አቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ አንዲት ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ለገበያ አወጣ። የመጀመሪያዋ ዓይነት አንጎሏ 125 ሜጋ ኸርዝ፣ ማስታወሻዋም 16 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። በውስጧ ሊነክስ እንዳለ ሰዎች ደረሱበት። የሊነክስ ፈቃድ ደግሞ "ኮዱን ለውጠህ የምትሸጥ ከሆነ ለውጡን አሳይ" ይላል። በዚህ ምክንያት ኮዱ በ2003 ለሕዝብ ወጣ። በ2004 በዚያ ኮድ ላይ ተመሥርቶ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው ነፃ የራውተር ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የቤት ራውተር እንዴት እንደሚፈጥን በዚያ ላይ እየሞከሩ ተምረዋል።

የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ልጅ ሳለሁ እናቴ አንድ ቁና እህል በስልቻ አሸክማ ወደ ገበያው ዳር፣ ወደ ሞተር ወፍጮው ትልከኝ ነበር። ከፊቴ አንድ ባለጸጋ አሥር አህያ ጭኖ ከደረሰ አለቀልኝ፤ ቁናዬን ይዤ እስኪመሽ እቆማለሁ። ወፍጮው አልዘገየም፤ ልክ እንደ ሁልጊዜው ይፈጫል። የእኔ ቁና ለመፈጨት የሚፈጅባት ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀኔን የጨረሰው ወረፋው ነው።

ራውተራችን ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ ፓኬት ይሏቸዋል። ቪዲዮው አሥር አህያ ጭነት ነው፤ የእኔ "እንደምን ከረሙ" አንድ ቁና ናት። መውጫው በር ጠባብ ሲሆን ፓኬቶቹ በሳጥኗ ማስታወሻ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ማስታወሻ እየረከሰ ሲሄድ ሠሪዎቹ ማቆያውን እያሰፉት ሄዱ፤ ፓኬት ከሚጠፋ ይጠብቅ ብለው። ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነው። ሒሳቡን ግን እንየው፦ ማቆያው 1 ሜጋ ባይት ቢሆን 8 ሜጋ ቢት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት በሚያሳልፍ በር ይህን ባዶ ለማድረግ 1.6 ሴኮንድ ይፈጃል። ልጄ የለካው መዘግየት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል።

ደግሞ ይህ ወረፋ በራሱ አያልቅም። ቪዲዮውን የሚልከው ስልክ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋበት ነው፤ ያኔ "መንገዱ ሞልቷል" ብሎ ይረዳል። ማቆያው ሰፊ ከሆነ ግን ምንም ሳይጠፋ ይሰለፋል፤ ላኪውም መንገዱ ክፍት መስሎት መጨመሩን ይቀጥላል። ግቢው አፉ ድረስ ይሞላል። ቁና የያዘችውም እናት ከኋላ ትቆማለች።

ነገሩን ያወቁት ሰዎች

የመንገድ መጨናነቅ ለኢንተርኔት አዲስ አይደለም። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና 400 ሜትር እንኳ በማይርቀው ላቦራቶሪ መካከል ያለው መስመር በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን የተባለው የላቦራቶሪው ተመራማሪ ምክንያቱን አጥንቶ፣ ኮምፒውተሮች መጨናነቅ ሲያዩ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ የሚያደርግ ዘዴ በ1988 አሳተመ። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ሥርዓት ነው።

በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ከቤቱ ትልቅ ፋይል ሲልክ መዘግየቱ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ሲደርስ አየ። የኢንተርኔት ሙያ ያለው ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ አላለፈውም። ተከታትሎ የተትረፈረፈው ማቆያ ላይ ደረሰና በሽታውን "በፈርብሎት" አለው። በእኛ ቋንቋ የማቆያ ቁንጣን ብንለው ያስኬዳል፤ ከመጠን በላይ በልቶ መነፋት ነው።

መድኃኒቱ በ2012 መጣ። ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተባለ ዘዴ አወጡ። የወረፋውን ርዝመት አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው "እዚህ የቆምከው ስንት ጊዜ ነው?" ብሎ ነው። ጥበቃው ከ5 ሚሊ ሴኮንድ በታች መውረድ አቅቶት ለ100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ከቀጠለ አንድ ፓኬት ይጥላል። ላኪውም ምልክቱን አይቶ ይቀንሳል፤ የተጣለውንም መልሶ ይልካል። ምንም የሚቀር ነገር የለም። በዚያው ዓመት ኤሪክ ዱማዜ ይህንን ከተራ አጠባበቅ ጋር አዋህዶ ሊነክስ ውስጥ አስገባው፤ ስሙ ኤፍ ኪው ኮድል ነው። አንዱን ረጅም ወረፋ ብዙ አጫጭር ወረፋዎች አድርጎ ይከፍለዋል፤ ከየወረፋው በተራ ያሳልፋል፤ አዲስ ለመጣና ትንሽ ለያዘ ቅድሚያ ይሰጣል። ባለ አሥር አህያው አንድ ስልቻ ያስፈጫል፣ ቀጥሎ ባለ ቁናዋ፣ ከዚያ እንደገና ባለ አህያው። አስተዋይ ባለ ወፍጮ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል?

ይህንን በርካሽ የቤት ራውተሮች ላይ እንዲሠራ ለማድረግ ብዙ ከደከሙት አንዱ ዴቭ ታት ነበር። በ2025 አርፏል። በ2018 ደግሞ "ኬክ" የሚባል፣ የበለጠ የተሟላ ዘዴ ሊነክስ ውስጥ ገባ። ሁሉም ያለ ክፍያ ለዓለም የተሰጡ ናቸው።

ትንሽ አንጎል፣ ብዙ ሥራ

"ታዲያ ሁሉም ራውተር ለምን አያደርገውም?" ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። አንዱ ምክንያት አሮጌ ፕሮግራም ነው። ሌላው የሳጥኗ አቅም ነው። ባለ 1,000 ሜጋ ፋይበር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ በሴኮንድ 81,000 ያህል ሙሉ ፓኬቶች ያልፋሉ። ትንሿ አንጎል እያንዳንዱን ተቀብላ፣ አድራሻውን አይታ፣ አስተካክላ መላክ አለባት።

እኔ መምህር ነኝ። 35 ተማሪ በየደቂቃው እጁን እያወጣ "መምህር! መምህር!" ቢለኝ ትምህርቱ አይሄድም። ስለዚህ "እጃችሁን አውርዱ፣ እኔ እየዞርኩ አያችኋለሁ" እላለሁ። ሊነክስም እንዲሁ ያደርጋል። ፓኬት ሲበዛ የኔትወርክ ካርዱን "አትጥራኝ" ብሎ ራሱ እየዞረ በአንድ ጊዜ ብዙ ፓኬት ይሰበስባል። ሠሪዎቹ ደግሞ አቋራጭ መንገድ ያበጃሉ፤ ፓኬቱ በአንጎሏ ሳያልፍ በቀጥታ በቺፑ እንዲሻገር ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን በአቋራጭ ያለፈ ፓኬት ወረፋ የሚያስከብረው ዘበኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። መስመሩ በሁለቱም በኩል በጣም ሰፊ ከሆነ አቋራጩ ይሻላል፤ እንደኛ መውጫው ጠባብ ከሆነ ዘበኛው ይሻላል።

ልጄ ከጓደኛው ባገኛት አሮጌ ራውተር ላይ ኦፕን ደብሊው አር ቲን ጫነና ከኩባንያው ሳጥን በስተኋላ አገናኛት። ወደ ውጭ የሚወጣውን ብቻ 4.5 ሜጋ ላይ ወሰነው። "ካለን ላይ ለምን ትቀንሳለህ?" አልኩት። ወረፋው የኩባንያው ሳጥን ውስጥ ከተሠራ እኛ ልናዝዘው አንችልም፤ ትንሽ ከቀነስን ግን ወረፋው እኛ ደጅ፣ ዘበኛ ባለበት ይሠራል አለኝ። የሚገባውን አልነካውም፤ አሮጌዋ ሳጥን ሁለቱን ችላ አትሸከምም። ቪዲዮው እየተጫነ ፒንጉን ለካን፦ 30 ሚሊ ሴኮንድ። ከ1,500 ወደ 30! ቪዲዮው ጥቂት ቢዘገይም ማንም ልብ አላለውም።

የዋይፋይና የማማድ ነገር

በሽቦው በኩል የተስተካከለው በአየር ላይ ሊበላሽ ይችላል። በዋይፋይ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ከራውተሩ ርቆ ያለ ስልክ ምልክቱ ስለሚደክም ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አየሩንም ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ስለዚህ ጥግ ያለችው የአንዷ ልጅ ስልክ ሳሎን ያለውን ሁሉ ልታዘገይ ትችላለች። በስዊድን የካርልስታድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ሥራ፣ በአንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ላይ ሊነክስ የአየሩን ጊዜ እኩል እንዲያከፋፍል አድርገዋል።

በአገራችን ደግሞ ማማድ አለ። ግድግዳው ወፍራም፣ ብረት የገባበት ኮንክሪት ነው፤ በሩና መስኮቱም ብረት ነው። ሮኬት እንዲከለክል የተሠራ ግድግዳ ዋይፋይንም ይከለክላል። ሳይረን ጮኾ በሩ ሲዘጋ፣ ዜና መስማትና ልጆች ደኅና መሆናቸውን መጠየቅ የምንፈልገው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ ራውተሩ ከማማዱ በር ፊት ለፊት ቢሆን፣ ወይም በኬብል የተያያዘ ተጨማሪ ማሠራጫ ውስጡ ቢኖር ይበጃል። የማማዱን ግድግዳ ግን በራሳችሁ አትብሱ፤ ባለሙያ ይጠየቅ።

እናቶችና አባቶች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለሰፊ መስመር ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት ልጆቻችሁ ፒንጉን ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ አንዴ ትልቅ ቪዲዮ እየተጫነ። ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሴኮንድ ከሆነ ችግሩ ወረፋ ነው።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው ሲደውልላችሁ "የሚወጣው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሩን የሚገባውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ ፎቶና ቪዲዮ የሚጭነው ሌሊት እንዲሆን፣ ወይም ከጥሪ በፊት እንዲቆም አድርጉ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ዛሬውኑ ይሞከራል።

አራተኛ፣ ራውተሩን ከብረት ቁም ሳጥንና ከቴሌቪዥን ኋላ አውጥታችሁ መካከል ላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከቦታው የማይነሳውን፣ ቴሌቪዥኑንና የጠረጴዛ ኮምፒውተሩን፣ በኬብል አገናኙ። አየሩ ለስልኮቹ ይተርፋል።

አምስተኛ፣ ራውተር የምትገዙ ከሆነ ኤስ ኪው ኤም የሚባል የወረፋ ሥርዓት እንዳለው ሻጩን ጠይቁ። ሲስተካከል ከለካችሁት ፍጥነት ከ85 እስከ 95 በመቶ ላይ ይወሰን። የኩባንያው ንብረት የሆነውን ሳጥን ግን ፕሮግራሙን አትቀይሩ። በራሳችሁም ሳጥን ላይ ቢሆን፣ ዓይነቱ የሚደገፍ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከተጫነ ሊበላሽ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ጎንደር በኩል ያለውን መስመር እኛ ከዚህ ሆነን አናስተካክለውም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርኩ ሲደክም ጥሪው ዛሬም ይቋረጣል። በእኛ ቤት በኩል የነበረው እንቅፋት ግን ተነሥቷል።

ያን ዓርብ አክስቴን ስንጠራቸው ልጄ ክፍሉ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ኮምፒውተሩን አላስዘጋሁትም። አክስቴ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ እየተነፈሱ እስኪጠግቡ አወሩ። ሲጨርሱ "ዛሬ ምን ሆናችሁ ነው ጩኸት የሌለ?" አሉ። ልጄን ጠራሁትና "እርሱ ነው ያስተካከለው" አልኳቸው። ምርቃታቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳይጎድል ደረሰው። እኔም ሳልሰማው የፈረድኩበትን፣ በአክስቴ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።